ማሞቂያውን የነቀለ እጅ

ሐርጌሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፣

ከድንበር ወዲህ ሆኜ የምልከው ሰላምታ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የጦሳ ተራራ ነፋስ መንፈስ ጀምሮ ይሆን? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

ስልክዎን ባለማንሳቴ እንደናቅኩዎ ቆጥረውታል ብሎ ነጋዴው ሙሰዓብ ነገረኝ። ንቀት አይደለም። በስልክ የተነገረ ነገር ነገ «አላልኩም» ይባላል፤ እኔ ደግሞ «አላልኩም» ሰልችቶኝ ነው ከደሴ የወጣሁት። ስለዚህ እንጻጻፍ። እርስዎ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰው ነዎት። ሙሰዓብም ልብስ ሊጭን ስለሚመላለስ አንድ ፖስታ አይከብደውም።

ያለሁት ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር፣ ናዋል የምትባል የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ቤት እጠርጋለሁ፣ አጥባለሁ፣ ዋሄን ገበያ በእግሬ ወርጄ አትክልት ተሸክሜ እመለሳለሁ። በባዮሎጂ በማዕረግ የተመረቀች ልጅ ወለል ትወለውላለች ብለው እንዳያለቅሱልኝ። ወለል መወልወል አያሳፍርም። የሚያሳፍረውን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ናዋል ስትቀጥረኝ «ምን ትችያለሽ?» አለችኝ። «ምግብ፣ ልብስ፣ ዓሣ» አልኳት። «ዓሣ መጥበስ?» አለች። «ዓሣ ማኖር» አልኳት። ሳቀችና እጄን ይዛ ሳሎን አስገባችኝ። ጥግ ላይ ትንሽ የመስታወት ገንዳ አለ፤ የጨው ውኃ፣ የባሕር ዓሣ። የሸሸሁት ነገር ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ።

እንግዲህ ወረቀት ላይ እንዲቀር የሆነውን ልጻፈው። እሠራበት የነበረው ሆቴል ባለቤት ለሰርገኞች ፎቶ ብሎ ያስመጣቸውን የባሕር ዓሦች የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። አምና ታኅሣሥ ላይ የውኃው ማሞቂያ ከሶኬቱ ተነቅሎ አደረ፤ በደሴ ብርድ ዓሦቹ ሁሉ ሞቱ። ባለቤቱ «ደመወዝ አልጨምርም ስላልኳት ሆን ብላ ገደለቻቸው» አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ የሚቀመጥበት፣ የሚቀባበርበት የሰፈራችን ቅሬ ተሰብስቦ «አጥፍተሻል፤ ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ። አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ «ዓሣ ገዳይዋ» ተባልኩ፤ የሚቀጥረኝም ጠፋ።

ያን ሌሊት ሆቴሉ ውስጥ ተረኛ የነበረው የእርስዎ ልጅ ዘሩባቤል ነው። ሥራውን ያስገኘሁለትም እኔ ነኝ። ማሞቂያውን የነቀለው እሱ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ነገር ጠይቄዎ አላውቅም። ቅሬው ፊት ቆመው «ፋሪዳ አይደለችም» ይበሉልኝ። ሁለት ቃል ነው።

ሰላምዎን እመኛለሁ፤
ፋሪዳ


ደሴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋሪዳ፣

የአባትሽ አላህ፣ የእኔም እመቤቴ ባሉበት ይጠብቁሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ፊደሌ ዝጓል፤ ቅር እንዳትሰኚ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት።

አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። የጓሮው ጌሾ ለመለመ። ጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላም ይሉሻል፤ ስምሽን በክፉ የሚያነሳ አልሰማሁም። የሆነው ሆኗል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባል የለ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ገና ብዙ ታያለሽ።

ስለዚያ ስለ ዓሣው ግን ጻፊልኝ። ከባሕር የመጣ ነገር በብርድ አገር እንዴት ይኖራል? ውኃው ምን ያህል ነው የሚሞቀው? በምን ታውቂዋለሽ? ማታ ማታ ሳነበው ያጫውተኛል።

ጋቢ ልኬልሻለሁ። ሙሰዓብ ካልሸጠው።

አክስትሽ ሸዋርካብሽ


ሐርጌሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፣

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን። ጋቢው ደርሶኛል፤ ሙሰዓብ ለብሶት ነው የመጣው፤ ገና ሳልለብሰው ስለ ሙቀቱ መሰከረልኝ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብለውኛል። የእኔ ውኃ አልፈሰሰም፣ እትዬ። ቀዘቀዘ እንጂ። የቀዘቀዘ ውኃ ደግሞ የሚያሞቀው ካገኘ ይሞቃል።

ስለ ዓሦቹ መጠየቅዎ ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ አልዋሽም። ደሴ ሳለሁ እራት ላይ ስለ ሥራዬ ማውራት ስጀምር «ወሬውን ተይና ሽሮውን አማስይ» ይሉኝ ነበር።

ገንዳው ትንሽ ነው፤ ሦስት ጀሪካን ውኃ ቢይዝ ነው። ውኃውንም ዓሦቹንም የናዋል ወንድም አያንሌ ከበርበራ ያመጣል። በርበራ ባሕር ዳር ናት፤ ሙቀቷ ሰው ይቀቅላል ይላሉ። ሐርጌሳ ግን ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ወራት ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ ነው። ለዓሣው በአንድ ቀን ሁለት አገር ማለት ነው። ትንሽ ውኃ ደግሞ ጠባዩ እንደ ትንሽ ሰው ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል።

እኔ ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ አቆየዋለሁ። ማሞቂያው እንደ ብርጭቆ ዘንግ ያለ ነው፤ ራሱ ላይ ቁጥር አለው። ያን ቁጥር አላምነውም። የማምነው ከእሱ ርቆ በወዲያኛው ጫፍ የተለጠፈውን ቴርሞሜትር ነው። ሁሉም ስለ ራሱ ደኅና ነው የሚናገረው፤ ራቅ ብሎ ያለው ይመስክር።

ከጀርባና ከጎን የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ለጥፌለታለሁ። ማታ አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ፤ አየር እንዲገባ ከላይ ትንሽ ክፍት ትቼ። ናዋል ስታየኝ «ተረትም ንገሪያቸው» ትለኛለች። ነግሬያቸዋለሁ። እነሱ ሽሮ አማስይ አይሉም።

ከቀዘቀዘ ደግሞ በአንዴ ማሞቅ አይገባም። የፈላ ውኃ መጨመር መግደል ነው። ሞቅ ያለ ውኃ በጠርሙስ ከድኖ ማንሳፈፍ፣ ቀስ እያሉ። ሙቀት ሲበዛ በቬንትሌተር የውኃውን ፊት ማናፈስ፤ እየተነነ ይበርዳል። የጎደለውን በጨው ውኃ እንዳይሞሉት፤ የተነነው ውኃው ብቻ ነው፣ ጨው የትም አይሄድም።

የናዋል እናት ሆዮ ኒሞ ግን ሌላ ፈተና ናቸው። ሆዮ ማለት በዚህ አገር እናት ማለት ነው። ከዒሻ ሶላት በኋላ ቤቱን ዞረው ያገኙትን ሶኬት ሁሉ ይነቅላሉ። መብራት እዚህ ውድ ነው፤ ማባከኑ ደግሞ ኢስራፍ ነው፣ አላህ አይወደውም ይላሉ። የማሞቂያውን ሶኬት ሶፋ ጀርባ ደብቄዋለሁ።

ይኸው የጠየቁኝን መለስኩ። የጠየቅኩዎን አልመለሱልኝም። ቅሬው መቼ ይሰበሰባል?

አክባሪዎ ፋሪዳ


ደሴ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋሪዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግዜር ይመስገን እኛ አለን። ብርዱ መጥቷል።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ አስረስ ታመው ስለነበር ስብሰባ አልተደረገም። ዘሩባቤል ለሶሊ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ እሺ ብለውታል። ያቺ የፋርማሲዋ ልጅ፣ ታውቂያታለሽ። በሥራውም አለቃው ወዶታል፤ ኃላፊነት ሰጥቶታል። ደስ ይበልሽ፤ ወንድምሽ ነው።

ደብዳቤሽ በጣም አጫውቶኛል። ግን ያልገባኝ አለ። ማሞቂያው አንድ ይበቃል ወይስ ሁለት ያስፈልጋል? ገንዳው ካንቺው አምስት እጥፍ ቢሆንስ? ፎሙ ፊት ለፊቱም ላይ ይለጠፋል? ሰው እንዲያየው ካስፈለገስ?

እነዚህን እንዳትረሺ።

አክስትሽ


ሐርጌሳ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፣

ጉልበትዎን አላህ ያበርታልዎ። ጋሽ አስረስ ተሽሏቸው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለትልቅ ገንዳ ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ሁለት ትናንሾች በሁለት ጫፍ ይሻላሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆየዋል፤ አንዱ አልጠፋም ብሎ ቢግል ብቻውን ዓሣውን አይቀቅለውም። ፊት ለፊቱ ክፍት ይሁን፤ ሌሊት ብቻ ይሸፈን።

አሁን የምነግርዎን ግን በደንብ ያንብቡልኝ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ብርድ ልብሱን ስገልጥ ዓሦቹ ታች አሸዋው ላይ ተኝተዋል። ቴርሞሜትሩ አሥራ ስምንት ይላል። ሶፋውን ብስበው ማሞቂያው ተነቅሏል። ሐርጌሳ መሆኔ ጠፍቶኝ ሆቴሉ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ።

ናዋል ለሥራ ለብሳ ከክፍሏ ወጣች። አየችው። «ዓሣ ማኖር እችላለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። የምለው ሁሉ አምና የተባለ ነው።

ሆዮ ኒሞ ጥጉ ላይ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው ተስቢሕ ይቆጥራሉ። ቀና እንኳ ሳይሉ «እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ ነው አንቺ፣ እናቴ?»

«የነቀልኩት። ሶፋ ጀርባ ደብቃው አገኘሁት። ሰው ተኝቶ መብራት ይበላል? ደግሞስ ባሕር ውስጥ ማን ያሞቅለታል?»

«እናቴ፣ ሊሞቱ ነው እኮ።»

«እንግዲያው አጥፍቻለሁ። ልጅቷን ተያት፤ እሷ ምን አደረገች?»

ይኸው ነው። ተስቢሑን ቀጠሉ። ሰማይ አልተደፋም። ናዋል ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጠርሙስ እያንሳፈፍኩ ቀስ ብዬ እስከ ማታ አሞቅኩት። አንዷ ሞተች፤ ሌሎቹ ተነሱ። ሆዮ ኒሞ ከፍሪጅ የመካውን ዘምዘም ውኃ አምጥተው «አፍሺበት፣ ይፈውሳል» አሉኝ። ይህም ቀዝቃዛ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ዘምዘሙም ይሙቅ» ብለው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ሲሞቅ አንድ ማንኪያ ጠብ አደረግንበት።

ኋላ ማድ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ደረሱብኝ። «አንቺ ሐበሻ፣ ለአንድ ዓሣ እንዲህ ካለቀስሽ ለሰው ምን ልትሆኚ ነው?» አሉኝ። ለዓሣው አልነበረም።

እትዬ፣ ይህች ሴት አልወለደችኝም፣ አላሳደገችኝም፣ ስሜን እንኳ ሁልጊዜ አታስታውሰውም። እርስዎን የምጠይቅዎትን ሳልጠይቃት ሰጠችኝ።

እጠብቃለሁ።

ፋሪዳ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋሪዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ሙሰዓብ ሊነሳ ነው።

ጠዋት ሃያ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ ሃያ ዘጠኝ የሚሆን ውኃ ምን ይደረጋል? ማሞቂያው ሁለት ነው፤ እንደነገርሽው በሁለቱ ጫፍ ነው ያለው። ገንዳው መስታወቱ በር አጠገብ ነው። ሁለቱ ቢጫዎች ታች ተኝተው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፤ ትልቁም አልበላ ብሏል። ቶሎ ጻፊ። ሰው ካጣሽ ደውዪ።

መልካም ገና ይሁንልን።

አክስትሽ


ሐርጌሳ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋርካብሽ፣

ጤና ይስጥልኝ።

እርስዎ ቤት ውኃ ያለው በበርሜልና በጀሪካን ነው። ቢጫ ዓሣ የለዎትም። የመስታወት በር የለዎትም። በደሴ ከተማ የባሕር ዓሣ መስታወት በር አጠገብ የሚቀመጥበትን ቦታ እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ሙሰዓብን ጠየቅኩት። ባለቤቱ ዓሦቹን እንደገና አስመጥቷል፤ ጠባቂያቸው ዘሩባቤል ነው አለኝ። «ከአክስቴ ልጅ ተምሬዋለሁ» ብሎ ሥራዬን ወስዷል። ማታ ማታ ያጫውተኛል ያሉኝ ደብዳቤ እሱ የሚሠራበት ደብዳቤ ነው። እኔ ደግሞ አክስቴ ናፈቀችኝ፣ ስለ እኔ መስማት ፈለገች ብዬ መስመር በመስመር ጻፍኩ። ከሁሉ ይህ ነው ያመመኝ።

ማሞቂያውን የነቀለው እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ልንገርዎ። ያን ንጋት ከሥራ ሲመጣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቼ ነበር፤ አልነቃሁም መስሏችሁ። «የሰርገኞቹን ድምፅ ማጉያ ልሰካ ብዬ ነቀልኩት፤ መልሼ መሰካቱን ረሳሁት» ብሎ አለቀሰልዎ። ያሉትን ያስታውሳሉ? እኔ አስታውሳለሁ። «ዝም በል። እሷ የተማረች ናት፤ ሌላ ታገኛለች።»

እትዬ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ድግሪዬን ስቀበል እልል ያሉት እርስዎ ነዎት። መማሬ እንደዚህ እንደ ማካካሻ እንደሚቆጠርብኝ አላወቅኩም ነበር። ሌላ አላገኘሁም። ወለል አገኘሁ።

አሁን ወደ ዓሦቹ። ትናንት መልስ ስጽፍ እጄ «ሠላሳ አራት ላይ አድርጉት» ብሎ ጻፈ። ቢያደርገው በአንድ ቀን ያልቁ ነበር፤ ማንም ምክንያቱን አያውቅም። ቁጥሩን አየሁት፤ ያምራል። ከዚያ ቀደድኩት። ሆቴሉ ውስጥ የተባልኩትን ሰው በእጄ ልሆንላቸው አይደለም። ዓሦቹስ ምን በደሉኝ?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ። ለቅሬው ዳኛ ለጋሽ አስረስ የተጻፈ ነው። ያ ውኃ ለምን እንደሚዋዥቅ፣ ምን እንደሚደረግለት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ፤ አንድም ነገር አልደበቅኩም። የዘሩባቤልን ጥፋት አልጻፍኩበትም። መጀመሪያው ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «እኔ ፋሪዳ የባሕር ዓሣ ማኖር አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ዓሦቹ እንዳይሞቱ ነው።» ቅሬው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ዘሩባቤልም ከሰው ጋር ተቀምጦ ይስማ፤ ከፈለገም ብዕር ይያዝ። የቀረውን ሁለት ቃል እርስዎ ይጨምሩበት።

ፖስታውን ዛሬውኑ ይስጡ። የዓሣ ትንፋሽ ቀጠሮ አያውቅም።

ፋሪዳ


ደሴ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋሪዳ፣

ዘንድሮ ጾማችን ገጠመ፤ አንቺም ረመዳን ላይ ነሽ፣ እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ። ከሁለታችን የማንኛችንን እንደሚሰማ እሱ ያውቃል። እንደምን አለሽ ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም።

ፖስታውን አልሰጠሁም።

ማኅተሙንም አልነካሁትም። ከፍራሼ ሥር አደረግኩት። ዘሩባቤል ማታ በመጣ ቁጥር «አልጻፈችም?» ይለኛል፤ «አልጻፈችም» እለዋለሁ። ቅሬ ፊት ከሚነበብ፣ የሶሊ አባት ከሚሰማ፣ እስከ ሠርጉ ልቆይ አልኩ። ሠርጉ ሲያልፍ እሰጣለሁ አልኩ።

ከጥምቀት በኋላ ቢጫዎቹ ሞቱ። ከዚያ ትልቁ። አንድ ሳምንት አልሞላም፣ ሁሉም ሄዱ። ባለቤቱ ቅሬው ተሰብስቦ ሳለ መጥቶ ጮኸ። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «አሁንስ ፋሪዳ ከሐርጌሳ ሆና ነው የገደለቻቸው?» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ጋሽ አስረስ ግን አልሳቁም። «ያችን ልጅ በድለናታል» አሉ። ባለቤቱም ዞር ብሎ «ትምጣና ቦታዋን ትያዝ» አለ። እንግዲህ ስምሽ ተመልሶልሻል።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ተቀምጬ ነበር።

ዘሩባቤልን አባረሩት። የሶሊ ቤተሰብ ይቆይ አሉ፤ ይቆይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፍራሹን ሳነጥፍ ፖስታውን አየው። የእጅ ጽሑፍሽን አወቀው። በማግስቱ ሳልነቃ ወጥቶ ሄደ።

ሙሰዓብ ሐርጌሳ አየሁት አለኝ። አያሃ በሚባል ዳር ሰፈር ከቀን ሠራተኞች ጋር ሲሚንቶ ይሸከማል፤ ባዶ መሬት ላይ ነው የሚተኛው፤ ያስላል አለኝ። ልጄ፣ ስለ ራሴ ምንም አልለምንሽም። እሱን ብቻ እይልኝ።

ፖስታውን እንዳለ መልሼልሻለሁ።

ሸዋርካብሽ


ሐርጌሳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፣

ለፋሲካው ያድርስዎ። እኛ ዒድን አሳልፈናል። ሆዮ ኒሞ አዲስ ሽርጥ ሰጡኝ፤ በስሜም ጠሩኝ።

ዘሩባቤልን አገኘሁት።

አያሃ ሩቅ ነው። ያገራችን ሰዎች ሕንፃ ከሚሠሩበት ግቢ ደርሼ ስጠይቅ፣ አስተባባሪው ክፍሌ የሚባል ጎጃሜ «ያ የሚያስለው? ምኑ ነሽ?» አለኝ። ምኑ እንደሆንኩ ለማሰብ ጊዜ ወሰደብኝ። «የአክስቱ ልጅ» አልኩት።

ከሲሚንቶው ክምር ጀርባ ቁጭ ብሏል። ከስቷል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። አየኝና አልተነሳም።

«ልትስቂብኝ ነው?» አለኝ።

«የሚያስቅ ነገር ካለህ ንገረኝ።»

«እማዬ ላከችሽ?»

«ልካኛለች። የመጣሁት ግን በራሴ ነው።»

ብርድ ልብስ ይዤለት ሄጄ ነበር። ግራጫውን፣ የዓሦቹን። ብርዱ ስላለፈ እነሱ አሁን የሚያስፈልጋቸው ቬንትሌተር ነው። ናዋልን ጠይቄ ወሰድኩት። ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ጨው ጨው ይሸታል።

«መልሼ ልሰካው ነበር» አለኝ፤ መሬት መሬት እያየ።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ።»

ከዚያ ፖስታውን አውጥቼ ሰጠሁት። «ቅሬ ፊት ሊነበብ የተጻፈ ነው» አልኩት። «እዚህ ያለው ቅሬ ይህ ነው። ተነሥና አንብበው።» ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ነበሩ፤ አሥር ቢሆኑ ነው፤ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከእኛም አገር። እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ተነሣ። ማኅተሙን ቀደደና ጮክ ብሎ አነበበ። «እኔ ፋሪዳ የባሕር ዓሣ ማኖር አውቃለሁ» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ሳል ይሁን ሌላ አላወቅኩም። ክፍሌ እንጀራውን ይዞ አፉን ከፍቶ ይሰማል።

መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። የቆመበትን መስመር አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ «ማሞቂያ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ገንዳውን ከመስታወት በሩ አርቁት፤ ቀን በፀሐይ የሚያግለው፣ ሌሊት በብርድ የሚመታው በሩ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «በሩ ነበር?»

«በሩ ነበር።»

«ሌላ ምንም አልነበረም?»

«ምንም።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ለሰዎቹ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አምና የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም» አላቸው። ከነሱ ማንም ነገሩን አያውቅም። አንዱ «ምኑን?» አለ። ሌላው «ተቀመጥና ብላ» አለው። ተቀመጠና በላ።

ሳሉን ለናዋል ነግሬ ሐኪም አሳየዋለሁ። ሥራም ካገኘሁለት እነግርዎታለሁ። ይቅር አልኩት ማለት አይደለም፤ ገና አላልኩትም። ብርድ ልብስ ሌላ፣ ይቅርታ ሌላ ነው።

ለሆቴሉ ባለቤት እንዲህ ይበሉልኝ፦ ቦታዬን ለቅቄ አልሄድኩም፣ አስለቅቆኝ ነው እንጂ። አልመጣም።

ስምሽ ተመልሶልሻል ብለው ጽፈውልኛል። የመለሱልኝ የሞቱ ዓሦች ናቸው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቀልድ ነው። አንድ ሰው ግን እዚያው ተቀምጦ እያወቀ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ። እኔ ስም አልነበረም የጠየቅኩዎ፤ ሁለት ቃል ነበር።

እዚህ ዝናቡ ጀምሯል። ዛሬ ጠዋት ውኃው ሃያ ስድስት ነበር።

ጋሽ አስረስ ድነዋልና ቅሬው በየወሩ ይሰበሰባል። ጉልበትዎን ያመዎታል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቁሙ።

ልጅዎ ፋሪዳ